የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ የሠራሁትን ቦርድ ስሞክር ከረንቱን ስንት ላይ ልገድበው?

መልስ፦ ቦርዱን ሳያገናኙ ቮልቴጁን 5 ላይ ያድርጉ። የከረንቱን ኖብ እስከ መጨረሻው ቀንሰው ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ ያነካኩ። የሲሲ (CC) መብራት፣ ማለትም ከረንቱ ገደቡ ላይ መድረሱን የሚያሳየው፣ ይበራል፣ ቮልቴጁም ወደ ዜሮ ይወርዳል። እንደተነካኩ ኖቡን ቀስ እያሉ 0.1 አምፔር ድረስ ያዙሩ። ከዚያ መውጫውን አጥፍተው ገመዶቹን ይለያዩና ቦርዱን ያገናኙ። 60 ሚሊአምፔር ለሚወስድ ቦርድ ይህ ይበቃል። ሲያበሩት ቮልቴጁ 1 ወይም 2 ላይ ከቀረ ገደቡን ለመጨመር አይቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ወይም ተገልብጦ የተበየደ ዕቃ አለ። የትኛው እንደሚሞቅ ይፈልጉ። ዋይፋይ ያለው ቦርድ ግን ሲልክ ለቅጽበት ብዙ ይስባል፤ ገደቡ 500 ሚሊአምፔር ካልደረሰ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ደጋግሞ ሪሴት ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፦ 12 ቮልት ላይ 20 ሚሊአምፔር ገድቤ ኤልኢዲ ሳገናኝ ወዲያው ተቃጠለ። ገደቡ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ከመውጫው ካፓሲተር በስተኋላ ነው ያለው። በ12 ቮልት የተሞላው ካፓሲተር ያጠራቀመውን በሙሉ ኤልኢዲው ላይ ይለቃል፣ ገደቡ ይህን ሊያግደው አይችልም። ለቀይ ኤልኢዲ 680 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ፤ 15 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል። የከረንት ገደብ የሬዚስተርን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ ማሳያው 5.00 ይላል፣ ቦርዱ ላይ ስለካው 4.5 ነው።

መልስ፦ ገመዱ ነው የበላው። ሄዶ መላሹ ከነክሊፑ 0.25 ኦም ከሆነ በ2 አምፔር ግማሽ ቮልት ይጠፋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ገመድ ሄዶ መላሹ 0.023 ኦም ገደማ ብቻ ነው። የላላ ክሊፕም እንደ ቀጭን ገመድ ይጎዳል። ፓወር ሰፕላዩ ሴንስ መግቢያ (ቮልቴጁን ቦርዱ ላይ ለክቶ የሚያስተካክልበት) ካለው እስከ ቦርዱ ድረስ ወስደው ያገናኙት።

ጥያቄ፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ መውጫ ኔጋቲቭ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከግድግዳው የመሬት ገመድ ጋር የተያያዘ ነው። ኔጋቲቩ ጥቁሩ ነው።

ጥያቄ፦ ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የፓወር ሰፕላዩ ሁለት ቻናሎች (መውጫዎች) እርስ በርስ ካልተያያዙ የአንዱን ጥቁር ከሌላው ቀይ ጋር ያገናኙ፤ መገናኛው ዜሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሊቲየም አዮን ባትሪ ልሙላበት?

መልስ፦ ለአንድ ሴል ይቻላል። አስቀድመው 4.20 ቮልት በመልቲሜትር ያረጋግጡ፣ ለ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሴል 1 አምፔር ይገድቡ፣ ወደ 100 ሚሊአምፔር ሲወርድ ያቁሙ። ፓወር ሰፕላዩን ከማጥፋትዎ በፊት ባትሪውን ይንቀሉ፤ አለዚያ ከረንቱ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ ሴል ግን አይሞከር።