በርሜሉ ያኮመጠጠው ነው ወይስ የተበላሸ? ጥያቄና መልስ ስለ ጥቁር ቢራ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ላይ ያረፉ ናቸው፦ ወይን ጠጅ በነበረበት የኦክ በርሜል ውስጥ ወራት ወይም ዓመታት የከረመ ጥቁር ቢራ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል። የቢራውን ዋጋ ሦስት ጊዜ የጻፉልን ጠያቂ፣ በመጀመሪያው ገብቶናል።

ቢራው ውስጥ ወይን ይጨመርበታል?

አይጨመርም። በርሜሉ ሲገለበጥ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ የቀረው ጥቂት ሊትር ወይን ነው ወደ ቢራው የሚወጣው። ከእንጨቱ ደግሞ የቫኒላና የቅርንፉድ ሽታ፣ ምላስ የሚይዝ የታኒን ጣዕምም ይመጣል። ጋኑን በወይራ አጥኖ ጠላ ለሚጠምቅ ሰው ዕቃ ለመጠጥ ጣዕም እንደሚሰጥ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ ጠያቂ በቀይ ወይን በርሜል የከረመ ጥቁር ቢራ በውድ ዋጋ ገዝተው ኮምጣጣ ሆነባቸው። ሊመልሱት ቢሄዱ ሻጩ «እንዲህ ነው የሚሆነው» አላቸው። ማን ነው ልክ?

ጠርሙሱን ሳናይ ለአንዳችሁም አንፈርድም። እንዴት እንደሚለይ ግን እንንገርዎ፤ ይህን የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነውና።

ችግሩ ግማሹ የቃል ነው። «ኮምጣጣ» ስንል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው የእርጎ ዓይነት ነው፤ ከላክቲክ አሲድ የሚመጣ፣ ለስላሳ፣ ምራቅ የሚያመጣ፣ ጉሮሮ የማይፍቅ። ሁለተኛው የሆምጣጤ ነው፤ ከአሴቲክ አሲድ የሚመጣ፣ ገና ሳይቀመስ አፍንጫ የሚወጋ፣ ሲዋጥ ጉሮሮ የሚያቃጥል። በሁለተኛው ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከተጨመረበት ኤቲል አሲቴት የሚባለው ነገር በዝቷል ማለት ነው፤ አሲዱና አልኮሉ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው። ትንሽ ከሆነ እንደ ፍራፍሬ ይሸታል፣ ሲበዛ ግን ምንም ዓይነት ማብራሪያ አያድነውም።

ጠማቂው ፈልጎ የሚያኮመጥጣቸው ጥቁርና ቡናማ ቢራዎች አሉ። ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ የሚገኘው ቢራ ጠማቂ ራሽያን ሪቨር «ኮንሰክሬሽን» የሚለውን ጥቁር ቢራ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለ ቀይ ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ከረንት ከሚባለው ትንሽ ፍሬ ጋር ያከርመዋል፤ ብሬታኖማይሲስ የተባለውን የዱር እርሾ፣ ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ የተባሉትን ባክቴሪያዎችም ሆነ ብሎ ይጨምርበታል። ቤልጅየም ውስጥ ሩሰላረ ከተማ ያለው ጠማቂ ሮደንባኽም ቀይ ቡናማውን ቢራ በትላልቅ የኦክ ጋኖች አክርሞ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ቀላቅሎ ይሸጣል፤ እዚያ ትንሽ የሆምጣጤ ጠረን መኖሩ የዘውጉ ወግ ነው። እንዲህ ያለ ቢራ ገዝቶ «ኮመጠጠ» ብሎ መመለስ፣ ሎሚ ገዝቶ እንደመመለስ ነው።

ኢምፔሪያል ስታውት፣ ማለትም ከተቆላ ብቅል የሚጠመቀው ጠንካራ ጥቁር ቢራ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር እስኪሆን የተቆላው ብቅል ራሱ መራራ ነው፤ ምሬትና አሲድ በአንድ ላይ ሲመጡ አመድ የነካው ሎሚ የመሰለ ጣዕም ይፈጥራሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጠማቂ ስታውቱን ወይን በርሜል ውስጥ ሲያስገባ የሚፈልገው የወይኑን ፍሬያማነትና የእንጨቱን ታኒን ነው እንጂ አሲዱን አይደለም። መለያው ላይ «ሳወር» (ኮምጣጣ)፣ «ዋይልድ» (የዱር)፣ «ብሬት» (ብሬታኖማይሲስ ሲያጥር) ወይም የባክቴሪያ ስም ካለ መኮምጠጡ ታስቦበት ነው። ምንም ካልተጻፈና ስታውት ብቻ ከሆነ ግን መኮምጠጡ ያልታሰበበት ሊሆን ይችላል፤ «እንዲህ ነው የሚሆነው» የሚለው መልስ አይበቃም።

አሲዱ ከየት መጣ? ሆምጣጤ የሚሠራው ባክቴሪያ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። እንጨቱ ጥቂት አየር ያስገባል፤ ቢራው እየተነነ ሲጎድልና ጠማቂው ሳይሞላው ሲቀር ደግሞ በክፍተቱ ውስጥ ባክቴሪያው ይመቸዋል። በደንብ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ግን ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ የሆምጣጤ ጣዕም ካለው ጥፋቱ ከበርሜሉ ነው፤ ባለሱቁን አይቆጡት። የእርጎው ዓይነት ግን ጠርሙስ ውስጥም ሊቀጥል ይችላል። የአልኮል መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ መሆኑ ሁልጊዜ አያድንም፦ የቺካጎው ቢራ ጠማቂ ጉዝ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣቸው የቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በርሜል ቢራዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ላክቶባሲለስ አሲቶቶለራንስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶ በ2016 ለገዢዎች ገንዘብ መልሷል።

እንግዲህ በቤትዎ እንዲህ ያድርጉ። ቢራው 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሁለት ጣት ያህል ይቅዱና ብርጭቆውን ሳያወዛውዙ ያሽትቱ። ከዚያ አወዛውዘው ያሽትቱ። አሥር ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት። የሚወጋው ሽታ እየቀነሰ ወይንና ቸኮሌት ከወጣ ይጠጡት፤ እየባሰ ከሄደ አይታገሉት። ጠርሙሱ ሲከፈት ገንፍሎ ከፈሰሰ፣ ቢራው ለጥንካሬው የማይመጥን ውኃ ውኃ የሚል ከሆነና መለያውም ምንም ካልተናገረ፣ ስኳሩን የበላበት ያልተጋበዘ እንግዳ አለ፤ ፎቶ አንስተው ለጠማቂው ይጻፉ። የአሲድ መጠን የሚለካውን የፒኤች ወረቀት አይግዙ፤ የቢራው ጥቁረት ቀለሙን ይጋርደዋል።

በምን ብርጭቆ?

በወይን ብርጭቆ። ወፍራሙን የድራፍት ጃምቦ ለድራፍት ይተዉት።

«ስታውት የጾም ነው አይደል?» ብለው የጠየቁን እናት

ተራው ስታውት ውኃ፣ ብቅል፣ ሆፕስና እርሾ ነው። «ሚልክ ስታውት» የሚባለው ግን ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር አለበት፤ እርሾው ሊበላው ስለማይችል ቢራው ውስጥ እንዳለ ጣፍጦ ይቀራል። «ፔስትሪ ስታውት» የሚባሉት ኬክ ኬክ የሚሉትም ብዙ ጊዜ ይጨምሩበታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ላክቶስ ካለ መለያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አለመጻፉ የለም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጠማቂዎች ደግሞ ቢራ ለማጥራት ከዓሣ የአየር ከረጢት የተሠራ ነገር ይጠቀማሉ። የቀረውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ እኛ ቢራ ነው የምናውቀው።

ስድስት ሆነን አራት ጠርሙስ ልንቀምስ ነው። ቅደም ተከተሉ? መጠኑ?

ለአንድ ሰው ከአንድ ዓይነት 75 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አራቱ 300 ሚሊ ይሆናሉ፤ በ11 በመቶ ሲሰላ 33 ሚሊ ንጹሕ አልኮል፣ ማለትም 330 ሚሊ የሚይዙ ሁለት ባለ 5 በመቶ ቢራዎች ማለት ነው። ባለ 750 ሚሊ ጠርሙሱን ብቻውን የሚጨርስ ሰው አምስት ቢራ ያህል ጠጥቷል፤ መኪና አይነካም።

ከተቻለ በርሜል ያልነካውን ያንኑ ቢራ መጀመሪያ አቅርቡ፤ በርሜሉ ምን እንደጨመረ የምታውቁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ በወይን በርሜል የከረመው፣ ከዚያ ጣፋጩና ጠንካራው። ኮምጣጣው መጨረሻ፣ በመሃል ውኃና ነጭ ዳቦ ተይዞ። ጠርሙሶቹን ከ40 ደቂቃ በፊት ከፍሪጅ አውጡ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይጠፋና ምሬቱና ታኒኑ ብቻ ይቀራል። ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ አተላው ከታች ይቅር። ቡናውም ዕጣኑም ከቅምሻው በኋላ ይሁን። ዕጣን በጨሰበት ክፍል ውስጥ የቫኒላ ሽታ ፍለጋ ልፋት ነው፤ በርበሬ የበላ ምላስም እንዲሁ።

ያገለገለ የወይን በርሜል በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ቤት የጠመቅሁትን 20 ሊትር ስታውት ላከርምበት ነው ያለው ወጣት

አታድርገው። የተለመደው የወይን በርሜል፣ የቦርዶ የሚባለው፣ 225 ሊትር ይይዛል፤ ያንተን 20 ሊትር ብታስገባበት የቀረው 205 ሊትር አየር ነው። ከላይ ያልነውን አንብበሃል። በወራት ውስጥ 20 ሊትር ሆምጣጤ ይኖርሃል። በርሜል እስከ አፉ መሞላት አለበት፤ ያም ማለት አሥራ አንድ ጊዜ ጠምቀህ ገና አልሞላም። ሲሞላ ደግሞ ከ270 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ጓደኞችህ ተሰብስበው የሚሞሉት ከሆነ በመጀመሪያ አፉን አሽት። ሆምጣጤ ከሸተተ አበባ ትከልበት፣ አይታጠብም። የሰልፈር ሽታ ከሆነ ባዶው በርሜል እንዳይሻግት የጨሰበት ነው፤ ደጋግመህ በሙቅ ውኃ አለቅልቀው፣ አፍህን አስጠግተህ አትተንፍስ፣ አስም ያለበት ሰው ጨርሶ ይራቅ። ደርቆ ከሆነ ያፈስሳል፤ ውኃ ሞልተህ አንድ ወይም ሁለት ቀን አቆየው፣ እንጨቱ ያብጥና ይገጥማል። ከዚያ በላይ ውኃው ይሸታል።

ለ20 ሊትር የሚበጅህ የተጠበሰ የኦክ ኩብ ነው፦ ከ40 እስከ 60 ግራም፣ ሁለት ሳምንት በቀይ ወይን የተዘፈዘፈ፣ ቢራው ፍላቱን ከጨረሰ በኋላ የሚጨመር። በየሳምንቱ ቅመስ፣ እንጨቱ በግልጽ ሲሰማህ ቢራውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከእንጨት ቤት የተረፈ ቁራጭ አታስገባ፣ ምን እንደተቀባ አታውቅም።

ወንድማቸው የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ጠያቂ፦ ለቅምሻ ያህል አንድ ጉንጭ ምን ይለዋል?

አይቅመስ። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ጉበት ላይ የሚከብዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ አልኮል ሲጨመር አደጋው ይጨምራል። አይሶናያዚድ በተጨማሪ ታይራሚን ከሚባለው ነገር ጋር አይስማማም፤ በባክቴሪያ የከረመ ቢራ ደግሞ ሊኖረው ይችላል። መድኃኒቱን የሚሰጠውን ክሊኒክ ሳይጠይቅ በሠርግም በበዓልም ምንም ዓይነት አልኮል አይንካ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ማቅለሽለሹ ካልቆመ፣ ቢራ ቀመሰም አልቀመሰም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ። ሐኪሙ ጨርሰሃል እስኪለው ድረስ ጠርሙሱ ይጠብቀው።

እስኪጠብቀው እንዴት ይቀመጥ?

ቆሞ፣ ብርሃን በሌለበት፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ። እንደ ወይን አይጋደም።