መሪ ሲጠመዘዝ የሚፋተግ ጎማ

ጥያቄው የደረሰኝ ከአዳማ ነው። ባለ 14 ኢንች ቸርኬ የነበራትን የቶዮታ ቪትዝ መኪናቸውን ያገለገለ ባለ 15 ኢንች ቸርኬና 195/65/15 ጎማ አስገጥመውላታል። መሪው እስከ ጫፍ ሲጠመዘዝ ጎማው በውስጥ በኩል ይፋተግ ስለነበር አንድ ጋራዥ በሞዞው (ቸርኬው በሚታሰርበት የሚሽከረከር ክፍል) እና በቸርኬው መካከል የአልሙኒየም ስፔሰር፣ ማለትም ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ጠፍጣፋ ማራቂያ፣ አስገባላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱም መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠርተው ለውጥ ስላላገኙ ምን ዓይነት ጎማ ቢገዙ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

ከምልክቶቹ ተነሥቼ የምጠረጥረው ባላንሱን ሳይሆን ስፔሰሩን ነው፤ ስፔሰሩን የጠራው ደግሞ የጎማው ቁመት ነው። ስለዚህ አዲስ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ስፔሰሩን ያስወጡ፤ እስኪወጣም ድረስ መኪናዋን ይዘው ወደ ፈጣን መንገዱ አይውጡ።

ብዙ ሰው ጎማ ሲመርጥ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር፣ የቸርኬውን ኢንች፣ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ግን ሚሊ ሜትር ሳይሆን የጎማው ጎን ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ነው፤ ስፋቱ ሲጨምር ቁጥሩ ባይለወጥም ጎኑ አብሮ የሚያድገው ለዚህ ነው። በርካታ ቪትዞች ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን 165/70/14 እንውሰድ። የ165 ሰባ በመቶ 115.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች ስላለ 231 ይሆናል፤ 14 ኢንች ደግሞ 355.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የጎማው ሙሉ ቁመት ወደ 587 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እርስዎ የገጠሙት በዚሁ ስሌት 634.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ከመሃል እስከ ጫፍ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ብልጫ አለው ማለት ነው፤ በስፋትም 30 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቁመቱ በስምንት በመቶ ስለጨመረ፣ በቀድሞው ጎማ በ100 የምትሄድበት የጎማ ዙር አሁን በ108 ያስኬዳታል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን ይህን አያውቅም። እኔ በሥራዬ ከ3 በመቶ በላይ ልዩነት አልቀበልም።

ስፔሰሩን በተመለከተ፣ ፋብሪካው ቸርኬው በሞዞው ከንፈር፣ ማለትም መሃሉ ላይ ወጣ ባለው ክብ ጠርዝ፣ ላይ ተቀምጦ መሃሉን እንዲይዝ አድርጎ ሠርቶታል። ርካሹ ስፔሰር ይህን ከንፈር ይሸፍነውና ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሃሉን የሳተ ቸርኬ በባላንስ ማሽን ላይ ደህና ቢመስልም መኪናው ላይ ሲገጠም ይንቀጠቀጣል። ከዚህ የከፋው ስፔሰሩ ቦታ ስለሚይዝ ዳዶው የሚገባበትን የብሎን ጥርስ ማሳጠሩ ነው። የቪትዝ ብሎን ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዳዶው ቢያንስ ስምንት ሙሉ ዙር መግባት አለበት። መኪናዋን በክሪክ አንሥተውና መደገፊያ አስገብተው በእጅዎ እያዞሩ ይቁጠሩ፤ ከስምንት ካነሰ ያ ጎማ በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ፓራፋንጎ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቦታ የሚያሰፋም አይቻለሁ፤ ይህ ጥገና ሳይሆን ጉዳት ነው።

ምክሬ ወደ 14 ኢንች እንዲመለሱ ነው፤ 165/70/14 ወይም 175/65/14 ይስማማታል፣ ወፍራሙ ጎንም ለጉድጓድ ይሻላል። ባለ 15 ቸርኬውን ካልተዉ 185/55/15 ቁመቱ 584.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይቀራረባል። ሆኖም የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከሞዞው 54.1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ይህ ቀለበት በከንፈሩ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር አይደለም። ዳዶውም ለቸርኬው የተሠራ ይሁን፤ ለጠፍጣፋ መቀመጫ የተሠራው ዳዶ በሾጣጣ መቀመጫ ላይ ቢጠብቅም አይይዝም።

ሲገዙ የጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ያንብቡ። 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ አሮጌ ጎማ በአዳማ ሙቀትና በፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳ ነውና አይግዙት። ከጎማው መጠን ቀጥሎ የሚጻፈው የጭነት ቁጥርም በበሩ ምሰሶ ላይ ከተጻፈው አይነስ፤ 81 ማለት አንድ ጎማ 462 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው።

ሲገጥሙ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል በ103 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ በዚያው ልክ እንደገና ይፈትሹ። ስፔሰሩን ግን ዛሬውኑ ያውጡት።