አፕዴቱን ልዝጋው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ "በስልኬ ሆትስፖት ነው የምሠራው። ዊንዶውስ 11 ላፕቶፔን በከፈትኩ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ዳታዬም ሳላስበው ያልቃል። አክቲቭ አወርስን አስተካከልኩ፣ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ አፕዴቱን ጭራሽ ዝጋው ይለኛል። ልዝጋው?"

እባክዎ አይዝጉት። የደኅንነት ጥገና በየወሩ የሚመጣው በዚሁ በር ነው። "ለጊዜው" ተብሎ ተዘግቶ ወራት የተረሳ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ እጄ ገብቷል።

አክቲቭ አወርስ የሚከለክለው ላፕቶፑ በሥራ ሰዓትዎ ራሱን አጥፍቶ እንዳይነሳ ነው። ማውረዱን አይነካውም። ዋናው ጣጣ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ ማንኛውንም ዋይፋይ ሲያገኝ፣ ካልነገሩት በስተቀር፣ ዳታው ገደብ እንደሌለው ይቆጥራል። የእርስዎ ሆትስፖትም ለእሱ ያው ዋይፋይ ነው። በ1 ሜጋቢት መስመር 1 ጊጋባይት ለማውረድ፣ ሌላ ምንም ሳይሠሩ እንኳ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቢንቀራፈፍ አይገርምም።

ስለዚህ እውነቱን ይንገሩት። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኙበትን መስመር ፕሮፐርቲስ ይክፈቱና ሜተርድ ኮኔክሽንን (የዚህ መስመር ዳታ ገደብ አለው ማለት ነው) ያብሩ። አብዛኛው አፕዴት ያኔ እርስዎን ይጠብቃል። ይህ የሚሠራው ለዚያ መስመር ብቻ ነው፤ የሆትስፖቱን ስም ከቀየሩ እንደገና ማብራት አለብዎ።

ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ይግቡ። ከጀርባ የሚወርደው ከመስመርዎ ስንት በመቶ እንዲወስድ እዚያ ይወስናሉ። ለቀጭን መስመር እኔ ከ20 በመቶ አላሳልፍም። እዚያው ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መጋራትን የሚፈቅድ ምርጫ አለ። ኢንተርኔት ላይ ካሉት ጋር እንዳይሆን ያድርጉ፤ ያለበለዚያ የእርስዎ ላፕቶፕ ለማያውቁት ሰው ይልካል። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ካለ ግን በአንድ ኔትወርክ ላሉት ብቻ ይፍቀዱ። አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ሊወስድ ስለሚችል ዳታ ይቆጥባል።

አንድሮይድ ስልክም ከሌላ ሰው ሆትስፖት ሲገናኝ "በዋይፋይ ብቻ አዘምን" የሚለው ምርጫ ላያድንዎ ይችላል። የዚያን ዋይፋይ ዝርዝር ከፍተው ሜተርድ ያድርጉት።

አሁን የቀረው አፕዴቱን ራስዎ ማስጀመር ነው። የዊንዶውስ ወርኃዊ ጥገና የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የማይሠሩበትን አንድ ሌሊት ይምረጡ፤ ቻርጀሩን ሰክተው ቼክ ፎር አፕዴትስን ይጫኑ። ሜተርድ ስለሆነ ማውረዱን እንዲፈቅዱ ከጠየቀዎ ይፍቀዱለት።