«የኢነርጂ ሥነ ምህዳር» ወይስ «ሥርዓተ ምህዳር»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሰሜን ሸዋ ገጠር ማገዶና መብራት ነው። ደንና ሐይቅ እንደሚጠናው ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት ፈልጌ ርእሱን «የኢነርጂ ሥነ ምህዳር» አልኩት። አንዱ ጓደኛዬ «የኢነርጂ ምህዳር» በይው አለኝ፣ ሌላዋ «ሥርዓተ ምህዳር ነው የሚባለው» አለች። የቱ ነው ልክ? ውስጡ ደግሞ «የኢነርጂ ዑደት» የሚል ምዕራፍ አለኝ።

መልስ፦ ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ልክ ናት። «ሥነ ምህዳር» የጥናቱ ስም ነው፣ እንደ ሥነ ሕይወትና ሥነ ልቦና። (ሥነ ጽሑፍስ? ትይኝ ይሆናል። «ሥነ» ሁሌ ጥናት ማለት አይደለም፣ እሱን ሌላ ቀን።) አንቺ የምታጠኚው ነገሩን ራሱን፣ ሕይወት ያለውና የሌለው ተሳስሮ የሚኖርበትን ነው፤ እሱ ሥርዓተ ምህዳር ይባላል። ባዶውን «ምህዳር» ዜና ጨርሶታል። የፖለቲካ ምህዳር፣ የዲጂታል ምህዳር... አብዛኛው «ሜዳ» ቢባል ምንም አይጎድልበትም።

ቃሉ ግን ያምራል። ግእዙ ኀደረ፣ የእኛው «አደረ» ነው፤ ምኅዳር ማደሪያ ማለት ነው። እንግሊዛዊው የእጽዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው «ኢኮሲስተም» ውስጥ ያለው «ኢኮ» ደግሞ «ኦይኮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፣ ቤት ማለት። ተርጓሚው እጁ ይባረክ።

ስሙን ማስተካከል ግን ቀላሉ ነው። በሥርዓተ ምህዳር ዓይን አየሁ ለማለት ጥያቄሽም መለወጥ አለበት፦ የአንዱ ትራፊ የማን ቀለብ ነው? ለዚህ ደጋው ቃሉን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅሽ። መንዝ ሄደሽ አንድ ቤት ግቢ ውስጥ ዝለቂ። ጠዋት ከበረት የሚዛቀው እበት ነው። በእጅ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ኩበት ይሆንና ምጣድ ስር ይገባል። ከገለባ ጋር ተከምሮ ሲብላላ ደግሞ ፍግ ተብሎ ወደ ገብሱ ማሳ ይሄዳል። ነገሩ አንድ፣ ስሙ ሦስት፤ ስሙን የሚሰጠው የሚሄድበት ቦታ ነው። የነደደ ኩበት ሁሉ ከማሳ የቀረ ፍግ ነው፣ ናይትሮጅኑም በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያስገባ ለውጡ ቆጣሪው ላይ ብቻ ሳይሆን ገብሱም ላይ ሊታይ ይችላል። መጠይቅሽ በደፈናው «ማገዶ» ካለ ግን ይሄ ሁሉ ያመልጥሻል።

«የኢነርጂ ዑደት» የሚለውን ሰርዢው። የሚዞረው ንጥረ ነገር ነው። ኢነርጂ ይፈሳል፣ በየደረጃው ሙቀት እየሆነ ይበተናል። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንድማን እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው የሐይቅ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በግምት ሲነገር በምግብ ሰንሰለት አንዱ ደረጃ ለቀጣዩ የሚያስተላልፈው ካገኘው ኢነርጂ ከአሥር እጅ አንዱን ገደማ ነው። የኩበቱ ሙቀት እንጀራውን ጋግሮ በጣሪያ ይወጣል፣ በቃ፣ አይመለስም። አመዱ ግን ጓሮ ሊመለስ ይችላል። «የንጥረ ነገር ዑደት»፣ «የኢነርጂ ፍሰት» በይ።

በነገራችን ላይ በሥነ ምህዳርና በኢነርጂ መካከል ያለው የሐሳብ ውሰት በአንድ ወገን ብቻ የሄደ አይደለም። ሃዋርድ ኦደም የሚባለው የሥነ ምህዳር ሰው ምንጭና ደን ውስጥ ያለውን ፍሰት የኤሌክትሪክ መስመር አስመስሎ ይስል ነበር። አሁን አንቺ ከሱ ቤት ትበደሪያለሽ፤ ብድር በምድር።

የመጨረሻው ስለ «መብራት» ነው። ገጠር ሄደሽ «ኤሌክትሪክ ትጠቀማላችሁ?» አትበይ፣ «መብራት ገብቷል ወይ?» በይ፤ እናቶች ወዲያው ይገባቸዋል። ግን «አዎ» ሲሉሽ ስለ አምፖሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምጣዱን ለብቻው ጠይቂ።