ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት መካኒክ የድሮ ላንድክሩዘር አስጎትቶ መጣ። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ (1HZ) የሚባለው የቶዮታ ሞተር ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። "ጋሼ፣ ነክሷል፤ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ሌላ ሞተር ይገዛ ወይስ ይሠራ?" አለኝ። "ለምን ነከሰ?" ስለው ዝም አለ።

እኔም በሱ ዕድሜ ይህን አልጠየቅሁም። ለአንድ ደንበኛ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝተን በ3 ቀን አስገባሁ። ልክ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። የድሮውን ራዲያተር ግን ውጪውን አጥቤ መልሼ ገጠምኩት። ሰውየው ጭኖ ወደ ጎጃም ሄደ። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ፈላ። ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል፣ ተሰነጠቀ። ወጪውን እኔ ቻልኩ። ያ መኪና ግን የቤተሰቡ እንጀራ ነበር፤ የቆመበትን ጊዜ ልመልስለት አልቻልኩም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ራዲያተሩን ስንከፍተው ግማሹ ቱቦ በዝገትና በደለል ተደፍኗል። ለዓመታት የተሞላው የጉድጓድ ውሃ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ረጅም ዳገት ላይ ግን መኪናው ቀስ ይላል፣ ነፋሱ ያንሳል፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይሰጣል። የመጀመሪያውን ሞተር የገደለው ያው ራዲያተር ነበር። ሁለተኛውን እኔ አቀረብኩለት።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት መርምሩ። ዘይቱ ወተት መስሏል? ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የዘይቱን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ብሮንዚና (ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ስስ ብረት) አልቋል። ነከሰ የተባለ ሁሉ ነክሷል ማለት አይደለም። ወንዝ ሲሻገር ውሃ የሳበ ሞተርም አልዞርም ይላል። ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ፍቱና በእጅ አዙሩት። ውሃውን ተፍቶ ከዞረ ደስ ይበላችሁ፤ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) እንዳልታጠፈ ግን ሳታዩ አታስነሱት።

ብሎኩ ጤነኛ ከሆነና ኮሎው ሬቲፊካ (በማሽን መሞረድ) የሚቀበል ከሆነ፣ እኔ ማሠራቱን እመርጣለሁ። ውስጡን ታውቁታላችሁ። የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር እንደተስማማ ይቀራል። ስትገጥሙ ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) በግምት አትግዙ። የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው። ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ለክታችሁ ነው የምትመርጡት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሲያስነሳ ይጸጸታል።

ብሎኩ ከተሰነጠቀ ግን ግዙ፣ ምን ይደረጋል። የገዛችሁትን ደግሞ ኮፓውን (ከታች ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) አውርዳችሁ ብሮንዚናውን ሳታዩ አትጫኑ። ሻጩ "ምንም አልሄደም" ቢላችሁም የታይሚንግ ቀበቶውን ቀይሩ። በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደሄደ ደግሞ አታውቁም። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ያ ልጅ ትናንት ራዲያተሩን አወረደ። ከላይ ውሃ ሲያፈስበት ከታች በጠብታ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ተሸክሞት ወደ ራዲያተር ሠሪ ሄዷል። ሞተር ገና አልተገዛም።