መጀመሪያ ጀርባውን ይዩት

ባለፈው እትም ሳሎኔ ውስጥ አሥራ አንድ የጀርመን ግንቦች ሥዕል ተሰቅሏል ብዬ አምልጦኝ፣ የደብዳቤ ጎርፍ በራሴ ላይ አመጣሁ። ጥያቄያችሁን ከመመለሴ በፊት ማንነቴን ልናገር። ፍራንክፈርት ከተማ አንድ ፍሬም ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የሥነ ጥበብ ታሪክ አልተማርኩም፤ የማውቀው በእጄ ያለፈውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቅዳሜ ዕለት ከፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የሃይደልበርግን ግንብ የሚያሳይ የዘይት ቀለም ሥዕል በ180 ዩሮ ገዛሁ። ወርዱ 80፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ፊርማው አይነበብም፤ ከጀርባው በእርሳስ «1838» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» አለኝ። እውነት አሮጌ ነው? የጀርባውንና የፊቱን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። (ከማንሃይም)

መልስ፦ አያት የሌለው የፍሎማርክት ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም። እርሳሱንም ለጊዜው ይተዉት፤ እርሳስ እኔም ቤት አለ።

ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፈው ሥዕሉን በግንባሩ ይድፉት። ሸራው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው በምንድን ነው? በትንንሽ ሚስማር ከሆነና ዝገቱ ዙሪያውን ጨርቁን ቡናማ አድርጎ ከበላው፣ ደህና ምልክት ነው። በስቴፕለር ሽቦ ከሆነ ግን ወይ ሥዕሉ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው፣ ወይ አንድ ሰው አውልቆ እንደገና ወጥሮታል። ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች ካሉ፣ ሸራው ሲላላ እነሱን መታ መታ እያደረጉ ለመወጠሪያ ነው። የጨርቁንም ቀለም ይዩ። እንጨቱ የሸፈነው ቦታ ነጣ ብሎ፣ አየር ያገኘው ደግሞ ጠቆር ብሎ መገኘት አለበት። ሁሉም እኩል ቡናማ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ ሸራ በሻይ የሚነክር ሰው አለ።

ቀጥሎ ማህተም ይፈልጉ። ሸራ ሻጮች ጀርባው ላይ ስማቸውን ያትሙ ነበር። እኔን ብዙ ጊዜ የገጠመኝ የዱሰልዶርፉ የሾንፌልድ ማህተም ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው በ1862 ስለሆነ፣ ያ ማህተም ያለበት ሸራ ላይ «1838» ቢጻፍ ውሸት ነው። የፍሬም ሠሪ ወረቀት ከተለጠፈበት ደግሞ የፖስታ ቁጥሩን አሃዞች ይቁጠሩ። አምስት ከሆኑ ወረቀቱ ከ1993 ወዲህ የተለጠፈ ነው፤ አራት ከሆኑ ከ1961 በኋላ። ይህ ግን የፍሬሙን ዕድሜ እንጂ የሥዕሉን አይነግርዎትም። ስንቱን ሥዕልና ፍሬም እኔው ራሴ አፋትቼ ከሌላ አጋብቻለሁ!

አሁን ገልብጡትና ሰማዩን በማጉያ መነፅር ይመልከቱ። ይህን ምክር በገንዘቤ ነው የገዛሁት። በ1998 ይኸንኑ የሃይደልበርግ ግንብ ከአንድ ነጋዴ በ450 ማርክ ገዝቼ፣ ሰኞ ጠዋት እየተኩራራሁ ሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ። አለቃዬ ምንም ሳይል ማጉያውን አቀበለኝ። ሰማዩ ላይ ያየሁት የቡሩሽ መስመር ሳይሆን እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ነበር። ኦሌዮግራፍ ይሉታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም በቀለም ላይ እየደረቡ ያትሙና ሸራ ላይ ለጥፈው ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ ከሩቅ ላየው የዘይት ሥዕል ነው። አሮጌነቱ እውነት ነበር፤ ሥዕልነቱ ነው ውሸቱ። አሁን መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ደግሞ እሱን ነው፤ ምን ይደረግ።

ሌሎች የሃይደልበርግ ሥዕሎች ከእርስዎ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆነው ቢያገኙ አይደንግጡ። ግንቡን የፈረንሳይ ሠራዊት በ1689 አቃጠለው፣ በ1693 ተመልሶ አፈነዳው። ሲጠጋገን ቆይቶ በ1764 መብረቅ መታው፤ ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ድንጋዩን እየፈታ ለቤት መሥሪያ ይወስድ ጀመር። ይህን ያስቆመው ሻርል ደ ግሬምበርግ የሚባል ፈረንሳዊ ስደተኛ ነው። በ1810 ከተማዋ ገብቶ በፍርስራሹ ፍቅር ተያዘ፤ እዚያው ኖረ፤ መልኩንም እያሳተመ ለጎብኚ ሸጠ። ፈረንሳይ ያፈረሰውን ፈረንሳዊ ጠበቀው ማለት ነው። ጎብኚው ሲበዛ ሠዓሊውም በዛ፤ ብዙዎቹ ግንቡ ሥር ሳይደርሱ ቤታቸው ተቀምጠው ከህትመት ላይ ይቀዱ ነበር።

በላኩልኝ ፎቶግራፍ ሚስማሩም ሽብልቁም ይታየኛል፤ ሰማዩም በቡሩሽ የተሠራ ይመስላል። በ1838 ተሣለ ብዬ አልምልም። በ180 ዩሮ ግን አልተበሉም።

ጥያቄ፦ አንድ ጨረታ ቤት የሽቶልዘንፌልስን ግንብ ፍርስራሽ የሚያሳይ ሥዕል በ900 ዩሮ መነሻ አቅርቧል። ፊርማው ሥር «1860» ይላል። ልወዳደር? (ከኮሎኝ)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ቡናዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ሽቶልዘንፌልስ ኮብሌንዝ አጠገብ፣ ከራይን ወንዝ በላይ ያለ ግንብ ነው። በ1689 ፈርሶ ከመቶ ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ኖረ። ከ1836 ጀምሮ ግን የፕሩሲያው አልጋ ወራሽ፣ አርክቴክቱ ካርል ፍሪድሪሽ ሺንከል በነደፈው ፕላን፣ አስገነባውና በ1842 ተመረቀ። ስለዚህ በ1860 እዚያ ቆሞ ፍርስራሽ የሣለ ሰው የለም፤ ቢቆም የሚያየው ጣሪያና መስኮት ያለው ቤተ መንግሥት ነው።

ይህ ብቻውን ማጭበርበር ነው አልልም። ገዢ ፍርስራሽ ይወድ ስለነበር ሠዓሊው ከቆየ ህትመት ቀድቶ ይሆናል። ወይም ሥዕሉ ከ1836 በፊት የተሠራ ሆኖ ዓመተ ምሕረቱን ሌላ ሰው ጨምሮበት ይሆናል፤ ያ ከሆነ እንዲያውም የእርስዎ ዕድል ነው። ጨረታው ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉን ለሕዝብ ያሳያሉ። ማጉያና ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዘው ይሂዱ። አሮጌ ቀለም ይሰነጣጠቃል። የፊርማው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ከፈሰሰ፣ የተፈረመው ሥዕሉ ካረጀ በኋላ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ከተሰነጠቀ የራሱ ነው። በባትሪው ብርሃን አሮጌ ቫርኒሽ አረንጓዴ ጉም መስሎ ያበራል፤ በኋላ የተጨመረ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ወንዙንም አይርሱ። በራይን ላይ የእንፋሎት መርከቦች መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት የጀመሩት በ1827 ነው፤ ጭስ የሚተፋ መርከብ ከግንቡ ሥር ካዩ፣ ሥዕሉ ከዚያ በፊት እንዳልተሣለ አንድ ማስረጃ አገኙ።

ሒሳቡን ደግሞ ቤትዎ ሆነው ይሥሩ። መዶሻው በ900 ቢወድቅ የሚከፍሉት 900 አይደለም፤ ጨረታ ቤቱ ከገዢው የራሱን ድርሻ ይጨምራል። 25 በመቶ ከሆነ 1,125 ዩሮ ይመጣል፤ ማጓጓዣው ገና ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ተማሪ ነኝ። የሞተች ጎረቤቴ ልጆች አንድ የግንብ ሥዕል ሰጡኝ፤ ከሲጋራ ጭስ ብዛት ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። በሽንኩርት ወይም በድንች ይጸዳል ይላሉ። ልሞክር? (ከሽቱትጋርት)

መልስ፦ አትሞክሪ የኔ ልጅ፤ እኔ ሞክሬልሻለሁ። ፍሬም ቤት ከመግባቴ በፊት ነው፤ አንዲት ጎረቤቴ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀሽ እሺው፣ ከዚያ በጥጥ ጥረጊው አለችኝ። የሞዘል ወንዝ ዳር ያለ ግንብ ነበር፤ ከሥሩ ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት። የመጀመሪያው ጥጥ ቢጫ ይዞ ወጣ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ቢጫ። ሦስተኛው ትንሽ ቀይ ይዞ ወጣ።

ሠዓሊ እንደዚያ ያለውን ትንሽ ነገር የሚጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ በስሱ ነው። ቫርኒሹን የሚያነሣ ነገር እሱንም አብሮ ሊያነሣ ይችላል። ድንችና ዳቦ ደግሞ ፍርፋሪያቸው ስንጥቁ ውስጥ ይቀርና ሻጋታ ይጠራል። ቀለሙ የማይረግፍ ከሆነ ለስላሳ ደረቅ ቡሩሽ ወስደሽ አቧራውን ብቻ አንሺ። የቀረውን ሬስታውራቶር፣ ማለትም ሥዕል አዳሽ ባለሙያ ዘንድ ውሰጂው፤ አንድ ጥግ ላይ በጥጥ እንጨት ሞክሮ ያሳይሻል። ብትስቂም፣ አንዳንዶቹ ጥጡን የሚያርሱት በምራቃቸው ነው፤ ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም እድፍ ይበላል። አንቺ ግን እንዳትተፊበት። ከማሞቂያው በላይም አትስቀዪው፤ ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ ቅርፊት እየሆነ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ለትርፍ ብሰበስብ ያዋጣል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የእኔ አሥራ አንዱ እስካሁን ያስገኙልኝ ትርፍ የግድግዳ ሚስማር ወጪ ነው። የሚወዱትን ይግዙ፤ ለትርፍ ሌላ ሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ውስጥ የፋሲል ግንብ አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል አይተው ያውቃሉ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ከጎንደር ደብዳቤ ሲመጣ ቅድሚያ መስጠት ነበረብኝ፤ ይቅርታ። ወደ ፍሬም ቤታችን ይመጡ የነበሩት የጎንደር አሮጌ ምስሎች ከጉዞ መጻሕፍት ተቆርጠው የወጡ የህትመት ገጾች ናቸው። የፍራንክፈርት ልጅ የሆነው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ደርሶ ተመልሷል። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የመዘገባቸው እሱ ነው፤ የወሰዳቸው የግዕዝ ብራናዎች ዛሬም ፍራንክፈርት አሉ። የጉዞ መጽሐፉ ከ1838 እስከ 1840 እዚሁ ታትሟል። እንዲህ ያለ መንገደኛ ማስታወሻና ንድፍ ይዞ ይመለሳል እንጂ ሸራ ወጥሮ ቀለም እስኪደርቅ አይጠብቅም።

በዘይት ቀለም የተሣለ የፋሲል ግንብ በእጄ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ የጎንደር ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣ በአልጋ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። ልማድ ሆኖብኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ገለበጥኩት፤ ስቴፕለር፣ አዲስ እንጨት፣ ነጭ ሸራ። ዋጋው ስንት ነው ይለኛል ብዬ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሱ እቴ፣ ስለ ዕድሜው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ወርቃማ ፍሬም፣ ሰፊ፣ ከግራ በኩል ሳይሸፍን አለኝ። ለምን ከግራ ስለው ጣቱን ከሸራው ጠርዝ አሳልፎ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈና «ትምህርት ቤታችን እዚህ ጋ ነው» አለኝ።