ከንፈራችሁ ላይ ምች ካለ ያን በር አትክፈቱ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ በተለይ ደሴ የእንስሳት ህክምና የምትማሩትን አስቤ ነው ይቺን የምፅፈው። እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ በግና ፍየል ሳክም ቆይቼ ውጭ ሀገር ሄጄ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ማርሞሴት የሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎችን ስንከባከብ ብዙ ዓመት ሰራሁ። ሀገራቸው ሰሜን ምስራቅ ብራዚል ነው፣ ትልቁ እንኳን ከ300 እስከ 400 ግራም ቢመዝን ነው።

የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፣ እናትየዋ ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች፣ ከዛ አዝለው የሚውሉት አባትየውና ታላላቆቹ ናቸው፣ እሷ ለማጥባት ትቀበላቸዋለች። ምን እንሰጣቸው ነበር መሰላችሁ፣ የግራር ሙጫ! ዱር ሲሆኑ የዛፍ ቅርፊት በጥርሳቸው እየቦረቦሩ ሙጫ ነው የሚልሱት። ያ እኛ ከብት ስንጠብቅ ከግራር ላይ እየለቀምን የምናኝከው ሙጫ እዛ ዱቄት ሆኖ በውሃ ተበጥብጦ ይቀርባል፣ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲልሱ ሳይ ሀገሬ ውል ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ባልደረባዬ ከንፈሩ ላይ ምች ወጥቶበት መጣ። እኛ ጋ ምች ምን አላት፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ በሳምንት በአስር ቀን ትድናለች። ግን የሚያመጣት ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ነው፣ ሰው ላይ ቀላል ነው ማርሞሴትን ግን ይገድላል። ምች ያለበት እንዳይገባ ደሞ በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ከንፈሩን አይቼዋለሁ፣ ግን በእድሜ ይበልጠኛል፣ የቀን ሂሳቡም እንዳይቆረጥበት ብዬ፣ ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ከቀናት በኋላ አንዱ ቤተሰብ ምግብ ተወ። ምላሳቸው ቆሰለ፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ አባትየው መንታዎቹን እንዳዘለ ጥግ ይዞ ቁጭ አለ፣ ሙጫውን አፉ ጋ ባስጠጋለት ፊቱን አዞረ። ስድስቱም አለቁ። እስከዛሬ ያ ፊቱን ያዞረው ይታየኛል።

ልጆቼ፣ ነገ አለቃ ስትሆኑ አሞኛል ብሎ የቀረን ሰው ደሞዝ አትቁረጡ፣ ከቆረጣችሁ በሽታውን ደብቆ ይገባል። አሁን ደሞ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪም ሆነ ሌላ ቦታ ልምምድ ስትወጡ ታላቃችሁ ሲሳሳት ካያችሁ "ጋሼ ይቅርታ፣ እንዲህ ሆነው አይግቡ" በሉት፣ በአክብሮት በሉት፣ ግን በሩ ሳይከፈት በፊት በሉት።